ጉልበቱን በጣት ሳይነኩ ቫይታሚን ማዘዝ

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ አንድ አንባቢ ጥያቄ ልኮላችሁ ነበር። «ስራመድ የቀኝ እግሬ ጣቶች መሬት እየነኩ ያደናቅፉኛል። የጫማዬ አፍንጫ ተልጦ አልቋል። የእግሬ የላይኛው ገጽም ደንዝዟል። ምን ይሻለኛል?» ይላል። የተሰጠው መልስ አጭር ነው። ነርቭህ ደክሟል፣ ስኳርህን ተለካ፣ ቫይታሚን ቢ ውሰድ፣ ካልተሻለህ የጀርባ ኤም.አር.አይ. ተነሣ። አለቀ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ክፍል ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ታካሚው እግር ላይ ሽቦ የምለጥፈው፣ ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ የምቀሰቅሰው፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሞገድ የምለካው እኔ ነኝ። ጡንቻ ውስጥ እየገባ የሚመረምረው መርፌና የመጨረሻው ውሳኔ የነርቭ ሐኪሙ ነው። እንዲህ ያለ እግር ግን ሥራዬ ስለሆነ ዘወትር ያጋጥመኛል። መልሱን ሳነብ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የአንባቢያችሁ ጥያቄ ውስጥ እኮ ግማሹ መልስ ተቀምጧል። አንድ እግር ነው ያለው። ሁለቱንም አላለም። ስኳር ነርቭ ሲጎዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካልሲ የሚሸፍነውን ቦታ ይዞ። መጀመሪያ የሚመጣውም መደንዘዝና ማቃጠል እንጂ የእግር መውደቅ፣ ማለትም እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ማንሣት አለመቻል፣ አይደለም። ስኳሩን መለካቱ አይከፋም፤ ስኳር ያለበት ሰው ነርቭ ትንሽ ጫናም አይችልምና። ግን አንድ እግር ብቻውን ሲወድቅ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ነርቩ የቱ ጋ ነው የተያዘው?» የሚለው ነው። መልሳችሁ ውስጥ ያጣሁት ይሄን ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለውን ታካሚ በሩን ሳይከፍት ነው የማውቀው። ከኮሪደሩ ይሰማል። ጤነኛ እግር ተረከዙን ያስቀድምና ፊቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይሄኛው ጧ ብሎ ያርፋል። ጣቶቹ እንዳይጎተቱበት ሰውዬው ጉልበቱን ከፍ ከፍ እያደረገ ይራመዳል፤ ደረጃ የሚወጣ ይመስላል። ጫማውን ሲያወልቅ አንደኛው ብቻ ከፊት በኩል ተፍቋል። አልጋው ላይ ይወጣና «እግርህን ወደ ራስህ ሳበው» እለዋለሁ። ፊቱ ይጨማደዳል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ እግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ብዙዎቹ በዚያች ሰዓት ይደነግጣሉ። መራመድ እየቻሉ ስለመጡ እንዲህ የባሰ አይመስላቸውም ነበር።

እስቲ ይህን የምታነቡ ሁሉ እጃችሁን ወደ ጉልበታችሁ ስደዱ። በውጭ በኩል፣ ከመታጠፊያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጉብ ያለ አጥንት አለ። ፊቡላ የሚባለው የቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ራስ ነው። ከእሱ ሥር አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ወረድ ብላችሁ ጣታችሁን ወዲያና ወዲህ አንከባልሉ። አንድ ቀጭን ነገር ከጣታችሁ ሥር ሸርተት ሊል ይችላል። ጠበቅ ካደረጋችሁት ወደ እግር ጀርባ ይነዝራል። ፔሮኒያል የሚባለው ነርቭ እሱ ነው። ከመቀመጫ የሚወርደው ትልቁ ሳያቲክ ነርቭ ከጉልበት በላይ ለሁለት ይከፈላል። ቲቢያል የሚባለው በጉልበት ጀርባ ወርዶ ባት ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ሥጋ ይከልለዋል። ፔሮኒያል ግን በውጭ በኩል አጥንቱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ፊት ይዞራል። እዚያች ቦታ ላይ የሚሸፍነው ቆዳና ጥቂት ስብ ብቻ ነው። ከእግር ነርቮች ሁሉ ብቻውን ተነጥሎ በመጎዳት አንደኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ይህ ነርቭ ራሱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ጠለቅ ብሎ የሚሄደው እግርንና ጣቶችን ወደ ላይ የሚስቡትን ጡንቻዎች ያዛል። የስሜት ድርሻው ትንሽ ናት፤ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለችው ቦታ ብቻ። ወደ ቆዳው ቀረብ ብሎ የሚሄደው ደግሞ እግርን ወደ ውጭ ያዞራል፤ የቅልጥሙን የውጭ ጎንና የእግሩን የላይኛውን ገጽ አብዛኛውን ክፍል ስሜት ይሰጣል። አንባቢያችሁ «ደንዝዟል» ያለው የትኛውን እንደሆነ በጣቱ ቢያሳይ ኖሮ ምን ያህል ነገር በነጻ ይታወቅ ነበር!

ታዲያ ነርቩን ምን ይጎዳዋል? ትልልቁ ምክንያት ግልጽ ነው። ጉልበት ከቦታው ሲወጣ፣ ፊቡላ ሲሰበር፣ ስለት ሲያገኘው። እነዚህን ሰው አይስታቸውም። የሚሳቱት ቀላል የሚመስሉት ናቸው። እግር አጣምሮ መቀመጥ። ቁጢጥ ብሎ ረጅም ሰዓት መሥራት። ታሞ አልጋ ላይ በአንድ ጎን መሰንበት። የጠበቀ የጉልበት መደገፊያ። ረጅም ቀዶ ሕክምና ላይ እግሩ በደንብ ሳይደገፍ መቅረቱ።

አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች። ክብደት ልቀንስ ብላ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ ጥላለች። ደስ ብሏታል፤ ሰውም አድንቆላታል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። ሪፈር ወረቀቷ ላይ «ስትሮክ ይሆን?» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ዕድሜዋ ምን ያህል እንደፈራች አስቡት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታሪኳን ስታጫውተኝ ቀኝ እግሯን ግራው ላይ ጭና ነበር። ጉልበቷ ውጭ ያለችው ያቺ ቦታ ልክ የታችኛው ጉልበት ላይ አርፋለች። ወደ ታች ሳይ አይታኝ እሷም አየች። «ሲስተር፣ እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምቀመጠው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀድሞ ግን ስቡ ይመክትላት ነበር። ስቡ ሲሄድ ነርቩ ያለ መከታ ቀረ። ምርመራው ላይ ምልክቱ ጉልበቷ ጋ ነበር፤ ነርቩ ታፍኗል እንጂ አልሞተም። እግር ማጣመሩን ትታ፣ ክብደቷን እዚያው ላይ አርግታ፣ በጊዜ ሂደት ተመለሰላት። ቫይታሚን አልወሰደችም።

የጄሶው ጉዳይ ደግሞ ያናድደኛል። ቅልጥሙ ተሰብሮ ጄሶ የታሰረለት ልጅ «ይጠብቀኛል፣ ጣቴ ደነዘዘ» ሲል «ታገሥ፣ ይለመዳል» ይባላል። ጄሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፣ እግሩ ግን ተንጠልጥሏል። ወላጆች አጥንቱ ነው ያበላሸው ብለው ያስባሉ። የጄሶው የላይኛው ጠርዝ ያቺን ጉብታ እየተጫነ ሰንብቷል። ጄሶ የታሰረ ሰው ደነዘዘኝ ካለ ያኔውኑ መታየት አለበት። ጠርዙን መቁረጥ ወይም መክፈት ትንሽ ሥራ ነው።

አንዳንዴ ምክንያቱ እዚያው ቦታ የበቀለ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይሆናል። ከጉልበት መገጣጠሚያ ተነሥቶ ነርቩ ውስጥ ሰርጎ የሚገባም አለ። የተቀመጠበትም ያጎነበሰበትም ነገር ሳይኖር እግሩ እየባሰ የሚሄድ ሰው ጉልበቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም.አር.አይ. ቢታይ ተገቢ ነው። የጉልበቱ ነው ያልኩት፤ የጀርባው አይደለም።

ጀርባን ካነሣሁ አይቀር። እናንተ የጀርባ ኤም.አር.አይ. ያላችሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከወገብ የሚወጣው አምስተኛው የነርቭ ሥር ሲጨመቅም እግር ይወድቃል። ግን ይህን ለመለየት ገና ማሽን አይነሣም። እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ጡንቻ ትእዛዙን የሚያገኘው በቲቢያል ነርቭ ነው፤ ሥሩ ግን ያው አምስተኛው የወገብ ሥር ነው። ስለዚህ ታካሚው እግሩን ወደ ላይ መሳብ አቅቶት ወደ ውስጥ ግን በኃይል የሚያዞር ከሆነ ችግሩ ጉልበት ጋ መሆኑ ያመዝናል። ሁለቱም ከደከሙ፣ በጎን ተኝቶ ጭኑን ወደ ላይ ማንሣትም ካቃተው፣ ያኔ ወገብ ይጠረጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመርማሪው ሁለት እጅ ነው።

አንድ ሰውዬ ትልቅ የፊልም ፖስታ በብብቱ ይዞ መጣ። የጀርባው ፊልም ላይ ዲስክ ወጣ ብሎ ይታያል። በዚያ ምክንያት ለወራት ጀርባው ሲታከም ቆይቷል። ጀርባህን ያምህ ነበር ወይ አልኩት። «ኧረ በጭራሽ! ዲስክ አለብህ ስላሉኝ ነው እንጂ» አለኝ። ፊልሙ አልዋሸም። ግን ጀርባቸውን አሟቸው የማያውቁ ብዙ ጤነኛ ሰዎችም ኤም.አር.አይ. ቢነሡ ወጣ ያለ ዲስክ ይገኝባቸዋል። የሰውዬው ነርቭ የተያዘው ጉልበቱ ጋ ነበር። ምሽቱን ሙሉ ወለል ላይ ቁጢጥ ብሎ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ይህን ግን የጠየቀው አልነበረም።

ከወገብ በታች፣ ከጉልበት በላይም ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። መቀመጫ ላይ የተወጋ መርፌ ቦታውን ስቶ ሳያቲክን ሲያገኘው ብዙ ጊዜ በብርቱ የሚመታው የፔሮኒያል ድርሻው ነው። ታካሚው «መርፌው ሲገባ እስከ እግሬ ነዘረኝ» ይላል። እዚህ ጋ የነርቭ ሐኪሙ የምርመራ መርፌ ሥራውን ይሠራል። ከጭን ጀርባ ያለው የባይሴፕስ አጭሩ ራስ ከጉልበት በላይ በፔሮኒያል ድርሻ የሚታዘዝ ብቸኛው ጡንቻ ነው። እሱ ከተጎዳ ችግሩ ከጉልበት በላይ ነው። ይህች ትንሽ ጡንቻ ስንቱን ክርክር ዘግታልናለች!

አሁን ወደ ሁለቱም እግር ልለፍ፤ ቫይታሚኑ የሚነሣው እዚያ ነው። ሁለቱም ውስጥ እግሮች ሲደነዝዙ፣ ሌሊት ሲለበልቡ፣ ሰውየው ጥጥ ላይ የቆምኩ መሰለኝ ሲል ነገሩ የመላ አካል ነው። ስኳር በግንባር ቀደምነት አለ። ብዙ አልኮል አለ። የኩላሊት ድካም፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ የቲቢው አይሶናያዚድ። የቢ12 እጥረትም አለ፤ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ ቢ12ቱ ሊወርድ ስለሚችል ሊለካ ይገባዋል። በዘር የሚተላለፍም አለ። የሥጋ ደዌንም መርሳት አይገባም። እሱ ፔሮኒያልንና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ የሚያልፈውን ቲቢያል ነርቭ ያጠቃል። ነርቩ ሲዳሰስ ወፍሯል፤ ቆዳ ላይ ስሜት የሌለው ገርጣ ያለ ቦታ ይገኛል። ይህም በእጅ የሚደረስበት ነገር ነው።

ቢ12 የጎደለው ሰው ቢ12 ይሰጠዋል፤ አይሶናያዚድ የሚወስድም ከቢ6 ጋር ይታዘዝለታል። ደግ። ነገር ግን «ነርቭ» የሚል ሁሉ የቫይታሚን ቢ እንክብል እየገዛ ይዋጥ ማለት ሌላ ነገር ነው። ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እሱ ራሱ የስሜት ነርቮችን ይጎዳል። ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በሕክምና መጽሔት ተጽፎ ያለ ነው። እግሩ ደነዘዘ ብሎ የጀመረው እንክብል ያደነዘዘውን ሰው አግኝቻለሁ። የወሰዳችሁትን ሁሉ፣ «ቫይታሚን ብቻ ነው» የምትሉትንም ጭምር፣ ይዛችሁ ኑ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ እኔ ማሽን ደግሞ ትንሽ ልበል። ሰው ሁሉ «ኤሌክትሪክ ያስይዙኛል» ብሎ ይፈራል። ይነዝራል፤ አልዋሽም። እንደ ሰዉ ቢለያይም አብዛኛው «ይሄው ነው እንዴ?» ብሎ ይጨርሳል። እግሩ ላይ፣ ከትንሹ ጣት በላይ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ጡንቻ አለች። እሷ ላይ መቀበያውን እለጥፋለሁ። ከዚያ ነርቩን መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ቀጥሎ ከፊቡላ ራስ በታች፣ ቀጥሎ ከጉልበት በላይ እቀሰቅሰዋለሁ። ከታች ስቀሰቅሰው ትልቅ ሞገድ ከወጣ፣ ከጉልበት በላይ ስቀሰቅሰው ግን ሞገዱ ካነሰ፣ መልእክቱ ጉልበቱ ጋ ታግዷል ማለት ነው። እግር ላይ የጤነኛ አዋቂ ሰው ነርቭ በሰከንድ 40 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። በዚያች ቦታ ብቻ ፍጥነቱ ሲወድቅም ያው ነው።

ነርቭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አድርጋችሁ እዩት። ላስቲኩ ብቻ ተላልጦ ውስጡ ያለው ሽቦ ደህና ከሆነ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ይመለሳል። ሽቦው ራሱ ከተበጠሰ ግን ነርቭ እንደ አዲስ ማደግ አለበት፤ የሚያድገውም በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከጉልበት አጠገብ ያለው ጡንቻ ቀድሞ ይነቃል። ጣቶቹ ዘግይተው ነው። ሐኪሙ ለታካሚው «ጠብቅ» ወይም «ለቀዶ ሐኪም ላሳይህ» የሚለው ይህን አይቶ ነው። እስከዚያው እግሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ቀላል የፕላስቲክ መደገፊያ ጫማ ውስጥ ይደረጋል። እግሩ ተንጠልጥሎ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይደርቅም ይንቀሳቀሳል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ኦገስተስ ዋለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ቆርጦ ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል ቀስ በቀስ ሲፈራርስ አሳይቷል። ቀስ በቀስ ነው፤ ዛሬም እንዲያው ነው። ነርቩ በተጎዳ በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ የሚላክ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ነርቩ ገና ሲሠራ ላገኘው እችላለሁ። ጡንቻው ውስጥ በመርፌ የሚታየው የመጎዳት ምልክት ጎልቶ የሚወጣው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ቶሎ ተመርምሮ «ደህና ነህ» ተብሎ የሄደ ሰው ወር ሳይሞላው ተናዶ ይመለሳል። መናደዱ አይገርመኝም።

ማሽኑ የማያየውም አለ። ሕመምና ሙቀት የሚያስተላልፉትን ቀጫጭኖቹን ነርቮች አይደርስባቸውም። ውስጥ እግሩ እንደ እሳት እየለበለበው ምርመራው ጤነኛ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። «ማሽኑ ምንም አላገኘም፣ ሐሳብ አታብዛ» ተብሎ መሸኘት የለበትም። ለእነዚያ ከቁርጭምጭሚት በላይ ትንሽ ቆዳ ተወስዶ የሚታይበት መንገድ አለ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ አሉ፤ እነሱን ሳላነሣ አላልፍም። ቅልጥም ከተመታ ወይም ከተሰበረ በኋላ ባቱ ድንጋይ ሆኖ ከተወጠረ፣ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅሱለት ሕመሙ የማይቻል ከሆነ፣ ነገሩ የሰዓታት ነው። የሁለቱም እግር ድካም በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከመጣ፤ ወይም ሽንት ከተያዘና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል። እኔ ጋ አይደለም።

ለጠያቂያችሁ እንግዲህ በሚቀጥለው ዓምዳችሁ እንዲህ ብላችሁ ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ክብደት ቀንሰሃል? እግርህን ታጣምራለህ? ቁጢጥ የሚያስብል ሥራ ይዘሃል? ጄሶ፣ ቀዶ ሕክምና፣ መቀመጫ ላይ መርፌ ነበረ? እግርህን ወደ ውስጥ ማዞር ትችላለህ? ያቺን ከጉልበት በታች ያለችውን ቦታ ሐኪም በጣቱ ነክቶልሃል? ሐኪሞችም ሪፈር ስትጽፉልኝ «እግር» ብቻ አትበሉ፤ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ጠርጥራችሁ እንደሆነ አንድ መስመር ጨምሩበት። ማሽኑ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

እሱም ለምርመራ ከመጣ፦ ጠዋት እግሩን ቅባት አይቀባ፤ ሽቦው አይይዝም። ወፍራም ካልሲ አድርጎ ይምጣ። የቀዘቀዘ እግር ነርቩን ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ ጤነኛው ሰው በሽተኛ መስሎ ይወጣል። ቀዝቅዞ ከመጣ እስኪሞቅ አስቀምጠዋለሁ፤ አይቆጣኝ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለው ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰደ ገና ሲገባ ይንገረን። ሱሪውም ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ባለሙያ